ቀን ይቆረጥላቸው

ጳጉሜን ስትገባ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወሬዎች አብረው ይነሳሉ። አንዱ የስልክ ነው። አፕል አዲስ አይፎን የሚያስተዋውቅበት ቀን ብዙውን ጊዜ ከዘመን መለወጫችን ጋር ይገጣጠማል። አይፎን 10 የታየው መስከረም 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ነበር፤ አይፎን 16 ጳጉሜን 4 ቀን 2016፣ አይፎን 17 ደግሞ በዓመቱ በዚያው በጳጉሜን 4። ሁለተኛው ወሬ የይቅርታ ነው። «ለአዲስ ዓመት ስንት ሰው ሊፈታ ነው?» «እነ እከሌ አሉበት ወይ?» ይህኛው ከማረሚያ ቤት ደጃፍ ተነስቶ በየታክሲው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢና በየለቅሶ ቤቱ ይዳረሳል።

የስልኩን ወሬ አልንቀውም። ቦሌ አካባቢ ባሉ የስልክ ሱቆች በዚያ ሰሞን ጎራ ያለ ሰው የወጣቶቹን ክርክር ሳይሰማ አይወጣም። ካሜራው ምን ይመስል ይሆን? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ከዱባይ መቼ ይገባል? የአሮጌው ዋጋ ምን ያህል ይወርዳል? አገራችን ውስጥ አፕል የራሱ ሱቅ የለውም፤ ልጆቹ ግን ዝግጅቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በቀጥታ ይከታተላሉ፣ ግምታቸው የሠመረላቸውም ግብ እንዳገባ ተጫዋች ይጨፍራሉ። ኩባንያው ዕቃውን የሚደብቀው አውቆ ነው፤ ምስጢሩ ራሱ ገበያ ነው። በ2002 ዓ.ም. አንድ ሠራተኛ ገና ያልወጣውን አይፎን 4 ካሊፎርኒያ ውስጥ መጠጥ ቤት ረስቶት በሄደ ጊዜ ዓለም ሁሉ ለቀናት ሌላ ወሬ አልነበረውም። በዚህ ሁሉ ግን ዋናው ነገር አይደበቅም፤ ኩባንያው የዝግጅቱን ቀን አስቀድሞ ይናገራል። የሚገመተው ዕቃው እንጂ ቀኑ አይደለም። የጠበቀው ስልክ ባይሆንለት እንኳ ሰውየው ያጣው ነገር የለም።

የይቅርታው ወሬ ሌላ ነው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሁለቱ ወሬዎች ጎን ለጎን በነበሩበት በ1999 ዓ.ም. ክረምት ነው። የመጀመሪያው አይፎን አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው ሰኔ 22 ቀን 1999 ነው። ሰዎች ቀኑን አውቀው፣ ወንበርና ብርድ ልብስ ይዘው ሱቅ ደጃፍ አደሩ። በዚያው ሰሞን ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የታሰሩት የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ቤተሰቦችም ይጠብቁ ነበር። በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩት ሽማግሌዎች እየተመላለሱ ነው ተባለ። እስረኞቹ የይቅርታ ደብዳቤ ፈረሙ ተባለ፤ አልፈረሙም ተባለ። በዚህ መሀል ሐምሌ 9 ቀን ፍርድ ቤቱ በብዙዎቹ ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። በአራተኛው ቀን፣ ሐምሌ 13፣ 38 ሰዎች በይቅርታ ተለቀቁ። ሰኞ ዕድሜ ልክ ሰምቶ ያለቀሰ ቤተሰብ ዓርብ ዕልል አለ። ደስታው ትልቅ ነበር፤ የአንድ ቤተሰብ ልብ በአራት ቀን ውስጥ ይህን ያህል መናጥ ግን አልነበረበትም።

በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ወሬው የመላው አገር ሆነ። ታኅሣሥ 25 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ እስረኞች እንደሚፈቱና ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ እስር ቤት እንደሚዘጋ ተናገሩ። ማን፣ መቼ፣ በምን መስፈርት የሚለው ግን አልተነገረም። ገሚሱ «ሁሉም ይፈታሉ» አለ፤ ቆየት ብሎ «ሁሉም አይደሉም» የሚል ማብራሪያ ተሰማ። ጥር 7 ቀን 528 ሰዎች እንደሚለቀቁ ተገለጸ፤ ጥር 9 የተቃዋሚ ፓርቲ መሪው ዶክተር መረራ ጉዲና ወጡ። የካቲት 1 ቀን ሌሎች 746 ሰዎች እንደሚፈቱ ሲነገር ከመስከረም 2004 ጀምሮ የታሰሩት ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋና ፖለቲከኛው አቶ አንዱዓለም አራጌ ስማቸው ተጠራ። ደጋፊው ሊቀበላቸው ሲዘጋጅ እስክንድር በወቅቱ በሽብርተኝነት የተፈረጀው የግንቦት 7 ድርጅት አባል ነበርኩ የሚል ቅጽ ላይ እንዲፈርም ተጠይቆ እምቢ ማለቱ ተሰማ። እንደገና ጥበቃ፣ እንደገና ግምት። የተፈቱት የካቲት 7 ነው።

በግንቦትም ይኸው ተደገመ። ቅዳሜ ግንቦት 18 ከግንቦት 7 ድርጅት መሪዎች አንዱ ለነበሩት ለአቶ አንዳርጋቸው ጽጌ ይቅርታ እንደተደረገላቸው ይፋ ሆነ። ደጋፊዎቻቸው ፎቶአቸው የታተመበት ካናቴራ ለብሰው በቤተሰባቸው ቤት ደጃፍ ይዘፍኑ፣ ይጨፍሩ ጀመር። እሑድ አልመጡም፤ ሰኞም አልመጡም። ማክሰኞ ግንቦት 21 ነው ከቃሊቲ የወጡት። ሰኔ 2006 ላይ ሰንዓ አየር ማረፊያ ከተያዙ አራት ዓመት ሊሞላ ቀርቶት የነበረው ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ግን ለሚጠብቃቸው ሰው የዓመታቱን ያህል ከብደው ነበር።

እነዚህ ስማቸው በዓለም የታወቀ ሰዎች ናቸው። ጋዜጣ ይጠይቅላቸዋል፣ ኤምባሲ ይደውልላቸዋል። ስሙን ከእናቱ በቀር የሚያነሳው የሌለ ታራሚስ?

በጠያቂ ቀን የማረሚያ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ጠያቂው በአካባቢው ካሉት ትንንሽ ሱቆች ባንዱ ጥቂት ብር ከፍሎ ያስቀምጠዋል፤ ባለሱቋ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ትሰጠዋለች። ከዚያ ሰልፍ፣ መታወቂያ፣ ፍተሻ። ያመጡት ወጥ በማንኪያ ይማሰላል፣ ያመጣው ሰው ራሱ ይቀምሰዋል። በአንድ የጳጉሜን ሳምንት እዚያ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ከምሳ ዕቃው ሌላ አዲስ ሸሚዝና ጫማ በፌስታል ይዘው አየሁ። ሸሚዙ ከነማሸጊያው ነበር፣ የአንገቱ ካርቶን እንኳ አልወጣም። «ለልጄ ነው፤ ዘንድሮ ስሙ አለበት ብለውኛል» አሉኝ። «ማን ነው ያለዎት እማማ?» ብላቸው «ሁሉም እያለ ነው ልጄ» አሉ። ጠላውን ጠንስሰዋል፤ ዶሮውን ለመግዛት ቀኑን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ መላ ለመጨመር ግን ሰው የሚይዘው አንድ እውነት ያስፈልገዋል። እኚህ እናት በእጃቸው ያለው ወሬው ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው የይቅርታ አሰጣጡ ቀንና መስፈርት አስቀድሞ ይነገር የምለው። ሕጉ የለም እንዳይባል አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 71 ይቅርታ የማድረግን ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። የአሠራሩ አዋጅም በ2006 በቁጥር 840 ወጥቷል፤ ጥያቄው ለይቅርታ ቦርድ ይቀርባል፣ ቦርዱ መርምሮ የውሳኔ ሐሳቡን ይልካል፣ ፕሬዚዳንቱ ይወስናሉ። የሚጎድለው ይህ መንገድ በታራሚውና በቤተሰቡ ዓይን ፊት መሆኑ ነው። ማመልከቻው የት ደረሰ? ቦርዱ መቼ ያየዋል? ውሳኔው የሚነገረው በየትኛው ቀን ነው? ያልተፈቀደለት ሰውስ ለምን እንዳልተፈቀደለት በጽሑፍ ይነገረዋል ወይ?

ማረሚያ ቤቱ በቀን መኖር እንደሚያውቅ አመክሮ ምስክር ነው። የወንጀል ሕጋችን ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመና ጠባዩ ያማረ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው ስድስተኛውን ዓመት ገና በመጀመሪያው ሳምንት አስልቶ ያውቀዋል። ቤተሰቡም ያውቀዋል፤ ቤት ይታደሳል፣ ሥራ ይፈለግለታል፣ የተጣላው ሰው ካለ በሽማግሌ ይታረቃል። ቀን የተቆረጠለት ተስፋ ሰውን ይገነባል፤ ቀን የሌለው ተስፋ ግን በየበዓሉ እያነሳ ይጥለዋል። በየገናውና በየፋሲካው ሸሚዝ ገዝቶ የሚመለስ ቤተሰብ ውሎ አድሮ መጠየቁንም ይተዋል። ከዚህም የከፋው «ብር ስጡኝና ስሙን ላስገባላችሁ» ለሚል አጭበርባሪ በሩ ወለል ብሎ መከፈቱ ነው፤ መንግሥት ዝም ባለበት ሌላው እንዳሻው ይናገራል።

ስም አስቀድሞ ቢነገር ጫና ይበዛል፣ ተበዳዮችም ይቆጣሉ የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። ከባድ ክርክር ነው፤ በተለይ የተበዳዩ ቤተሰብ ኀዘን ችላ የሚባል አይደለም። እኔ ግን ውሳኔ ያላገኘ ሰው ስም ይነበብ አላልኩም። ይነገር የምለው የቀን መቁጠሪያው፣ መስፈርቱና ለእያንዳንዱ አመልካች የሚሰጠው መልስ ነው። ተበዳዩም ቢሆን የበደለው ሰው መፈታቱን ድንገት ሰፈር ውስጥ ሲያገኘው ከሚያውቅ፣ ቀድሞ ተነግሮት ሐሳቡን ቢሰጥ ይሻለዋል። ጭፍን ጫና የሚበረታውም ሥርዓቱ በተሸፈነ ጊዜ ነው፤ መስፈርቱን ሁሉም ካወቀው ጉልበተኛ አማላጅ ቦታ አያገኝም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለይቅርታ ቦርድና ለማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ነው። ከየበዓሉ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ቦርዱ የሚሰበሰብበትና ውሳኔ የሚነገርበት ቀን በሬዲዮ ይነገር፣ በማረሚያ ቤቶቹም በር ላይ ይለጠፍ። የተፈቀደለት ሰው የሚወጣበት ቀንና ሰዓት ለቤተሰቡ ይነገር፤ በተባለውም ሰዓት ይውጣ። ያልተፈቀደለትም ምክንያቱና ዳግመኛ የሚያመለክትበት ጊዜ በጽሑፍ ይድረሰው። ይህ አዲስ ሕንጻ አይጠይቅም፣ ብዙ በጀትም አያስወጣም። አንድ ወረቀት፣ አንድ ማኅተምና ለሚጠብቅ ሰው ማሰብን ነው የሚጠይቀው። ነፃነትን ያህል ነገር የሚጠብቅ ዜጋ፣ ስልክ የሚጠብቅ ደንበኛ ከሚያገኘው ያነሰ መረጃ ሊያገኝ አይገባውም።