የልጅ ፀጉር በእንዶድና በተልባ ሲታጠብ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆች ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ ይመጣሉ። አያት ልጅቷን አገላብጣ ስማ ሳትጨርስ እጇ ወደ ፀጉሯ ይሄዳል። ጫፉ ተሰንጥቋል፣ ካስክና ማለስለሻ ኬሚካል አድርቆታል፣ ሲነካ ይበጠሳል። በማግስቱ እንዶዱ ይወቀጣል፣ ተልባው ይጣዳል፣ ለጋው ቅቤ ይወጣል። እናትየዋ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ "እማዬ፣ ያ ነገር ዓይኗን እንዳይነካት" ትላለች። ነርስ መሆኔን የሚያውቁ ሁለቱም ወገኖች ዳኝነት ሲጠይቁኝ፣ ለሁለቱም ትንሽ ትንሽ እፈርድላቸዋለሁ።

የቅጠልና የፍሬ ውሃ ፀጉርን ያጸዳል፣ ያለሰልሳል፣ ሲበጠር እንዳይበጠስ ያግዛል። አያቶች በዚህ ልክ ናቸው። የታመመ የራስ ቆዳን ግን አያድንም። እኔን የሚያሳስበኝም ይኼኛው ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከእንዶድ እንጀምር። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ነው። ሳፖኒን ቅባትን ከውሃ ጋር አቀላቅሎ ያስለቅቃል፤ ሳሙና የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ታጥቦ እንደ ጥጥ የሚነጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ፍሬ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘው በልብስ አጣቢ እናቶች በኩል መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ቢልሃርዚያ ወደ ሰው የሚመጣው በውሃ ውስጥ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች በኩል ስለሆነ፣ ከዚያ ጀምሮ እንዶድን ሲመረምሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ለልጅ ራስ ሲሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንዶድ ዓይንን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ዱቄቱም አፍንጫና ጉሮሮ ይነካል፤ የወቀጠ ሰው ሁሉ ማስነጠሱን ያውቀዋል። ስለዚህ ውጭ ሆናችሁ፣ ልጆቹን አርቃችሁ ውቀጡ። ለፀጉር ሲሆን እንደ ጋቢው አታወፍሩት። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ደረቅ ፍሬ በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልላችሁ፣ ውሃውን ብቻ ተጠቀሙ። ልጅቷ ራሷን ወደ ኋላ ትጣል፤ ወደ ሳፋ አጎንብሳ ከታጠበች ግን ውሃው በግንባሯ በኩል ቀጥታ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። በድንገት ከገባ ወዲያውኑ በንጹሕ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሳታቋርጡ እጠቡ፤ መቅላቱና ሕመሙ ካልተወ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ቁስል ባለበት የራስ ቆዳ ላይ እንዶድ አይደረግም። ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ እኔ አልመክረውም፤ የሕፃን ራስ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል።

የተረፈውን ድፉት። በለስላሳ ጠርሙስ ሞልቶ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ የሚባለውን ልማድ ፈጽሞ አልወደውም። ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያውቅም፤ እንዶድ ደግሞ ቢጠጣ መርዝ ነው። ለማንኛውም ምክንያት ቢሆን የሚጠጣ ነገር እንዳልሆነ ልጃገረዶች ሁሉ ማወቅ አለባቸው፤ ለምን ይህን እንደምል እናቶች ይገባችኋል።

እንዶድ ቅባትን አጥቦ ስለሚወስድ ፀጉሩን ያደርቀዋል። ቅቤ ለተቀባ ራስ መልካም ነው፤ ቀድሞውኑ በኬሚካል ለደረቀ ፀጉር ግን ከወር አንድ ጊዜ በላይ ይበዛበታል። ዘመናዊ ሻምፖ መጠቀምም ነውር የለውም። የአገር ዕቃ ስለሆነ ብቻ ሁሉ ይሻላል የሚሉትን አልከተልም።

ለረጅም ፀጉር ከሁሉም የምወደው ተልባን ነው፤ ቤት የማይጠፋ፣ የማይጎዳ፣ ርካሽ። አራት የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ጥዳችሁ በቀስታ እሳት ስምንት፣ አሥር ደቂቃ ያህል እያማሰላችሁ አፍሉት። ውሃው ወፍሮ እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር አውርዱት። ቶሎ፣ ገና ትኩስ እያለ አጥልሉት፤ ከቀዘቀዘ ፍሬውን አልለቅም ብሎ ያስቸግራችኋል። ይህን ሳላስጠነቅቃት የሠራች ጎረቤቴ ተልባውን ከነጨርቁ ጥላዋለች። ለብ ሲል ታጥቦ በእርጥበቱ ባለ ፀጉር ላይ በእጃችሁ ከመሐል እስከ ጫፍ አዳርሱት። የሚዝለገለገው ፈሳሽ እያንዳንዱን ዘለላ ስለሚሸፍነው ዘለላዎቹ እርስ በርስ አይቋጠሩም፣ ማበጠሪያውም ሳይጎትት ያልፋል። ሩብ ሰዓት ያህል አቆይታችሁ፣ ፀጉሩ እንደተቀባ አበጥሩትና በውሃ አለቅልቁት። ፍሪጅ ያለው ሰው የተረፈውን ለጥቂት ቀናት ሊያቆየው ይችላል፤ የሌለው በማግስቱ ይጣለው፤ ቶሎ ይበላሻል።

ማበጠሩን ነገር ካነሣን፣ ከጫፍ ይጀመራል። ጫፉ ሲፈታ ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ትንሽ ከፍ እየተባለ ወደ ሥሩ ይወጣል። እኛ አገር ግን ከግንባር ጀምሮ ወደ ታች መሞሸር ነው፤ ልጅ ታለቅሳለች፣ "ዝም በይ፣ ለቁንጅናሽ ነው" ትባላለች። በአንድ ቀን ማበጠሪያ የሚበጠሰውን ፀጉር በወር ተልባ አትመልሱትም።

አብሽም እንደ ተልባው ነው፤ ሌሊቱን ተነክሮ ጠዋት ውሃው ይፈስበታል። ሽታው ግን ስለማይለቅ የከተማ ልጆች አይወዱትም። ጌሾ ቅጠል ቀቅለው ለፎረፎር የሚጠቀሙም አሉ፤ ላይ ላዩን ለማጠብ አይጎዳም። እሬት ለሚቀቡ፣ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚቆጣ መጀመሪያ አንጠልጥላችሁ ይንጠፍጠፍ፤ ከውስጥ ያለውን ጥርት ያለ ክፍል ብቻ ተጠቀሙ። የጥብስ ቅጠል፣ ሮዝመሪ የሚሉት፣ አሁን በሁሉም ከተማ መወራቱን እሰማለሁ። ወሬው መነሻ አለው፤ በኢራን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ፀጉራቸው የሚመለጥ መቶ ወንዶችን ለስድስት ወር ተከታትሎ፣ የሮዝመሪ ዘይት ሚኖክሲዲል ከሚባለው መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንዳሳየ ጽፏል። ይሁንና ያ ዘይት ነው፣ የተቀቀለ ውሃ አይደለም፤ በወንዶች ላይ ነው፣ በልጆች ላይ አይደለም። ቅጠሉን ቀቅሎ ፀጉር ማለቅለቅ መዓዛው ደስ ይላል፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባላችሁም። የትኛውንም አዲስ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ክንድ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካሳከከና ካቀላ ራስ ላይ አይውጣ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ቅቤና ቅጠል ከመውጣቱ በፊት ልጅቷን በር ላይ፣ ብርሃን ባለበት አስቀምጧትና ፀጉሯን ከፋፍላችሁ የራስ ቆዳዋን እዩ። የምትፈልጉት ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፣ ከሥሩ የተቆረጠ የሚመስል አጭር ፀጉር፣ እንደ አመድ የሚረግፍ ቅርፊት፣ መግል የያዘ ለስላሳ እብጠት ነው። አንዱን ካያችሁ ይህ ቆረቆር ሊሆን ይችላል፤ ላሽ የሚሉትም አሉ። ፈንገስ የሚያመጣው ተላላፊ በሽታ ሲሆን በብዛት የሚይዘው ልጆችን ነው።

እዚህ ላይ ነው ቅጠል የሚያታልለው። በጌሾ ወይም በሌላ ሲታጠብ ቅርፊቱ ይነሣል፣ ራሱ የጸዳ ይመስላል፣ እናት "እየተሻላት ነው" ትላለች። ፈንገሱ ግን የተቀመጠው ፀጉሩ ከሚበቅልበት ጉድጓድ ውስጥና በራሱ በፀጉሩ ውስጥ ነው። ከላይ የፈሰሰ ውሃ ቀርቶ ከፋርማሲ የተገዛ ቅባት እንኳን ብቻውን እዚያ አይደርስም። ለዚህ ነው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የሚታዘዘው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግሪሶፉልቪን ነው፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል፤ ሰውነት በደንብ እንዲያገኘው ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር መሰጠት አለበት። በሦስተኛው ሳምንት ፀጉሩ ብቅ ሲል ማቋረጥ ብዙ ቤት ያለ ጥፋት ነው። መግል የያዘው ዓይነት ሳይታከም ከቆየ የፀጉሩን ሥር ያጠፋውና ቦታው ጠባሳ ሆኖ ይቀራል፤ ያ ቦታ ዕድሜ ልክ ፀጉር አያበቅልም። ረጅም ፀጉር እንዲኖራት ብለን በቅጠል ሦስት ወር ስናቆያት የምናሳጣት ይህንን ነው። በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ማየት ይችላል፤ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል፤ ለእኛ እናት ሆስፒታል ቅርብ ነው።

በእኛ ልጅነት ወንዱ ቁንጮ፣ ሴቷ ጋሜ ነበረች፤ መሐሉ ይላጫል ወይም ዙሪያው። ይህ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ቅማል እንዳይራባም ይረዳ ነበር። ነገር ግን ባንድ ምላጭ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሲላጭ ቆረቆሩም አብሮ ይዞር ነበር። ዛሬ ምላጩን ተክቶ የፀጉር ቤት ማሽን መጥቷል። ማሽኑ በአልኮል መጠረጉን አይታችሁ ልጁን አስቀምጡት፤ ማበጠሪያ፣ ሻሽና ኮፍያም ለየራስ ይሁን።

ቅማል ከተገኘ እንዶዱ የተወሰነውን ያጥበው ይሆናል፣ እንቁላሉ ግን ከፀጉሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በተልባ የራሰ ፀጉርን ጥርሱ በጠበበ ማበጠሪያ ከሥር እስከ ጫፍ እየሳቡ፣ ማበጠሪያውን በነጭ ጨርቅ እየጠረጉ፣ በየሦስትና በየአራት ቀኑ ለሁለት ሳምንት መደጋገም ይጠቅማል። ላምባ ግን አታፍስሱ፤ እሳት አጠገብ ያለች ልጅ ናት። ለእህል ነቀዝ ወይም ለማሳ የሚረጨውን ማላታይንም ራስ ላይ የምታደርጉ ካላችሁ ዛሬውኑ ተዉት። በቆዳ ገብቶ ሰው ይመርዛል።

ስለ እድገቱ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ይህን የሚያስፈጥን ቅጠል አላውቅም። አራስ የሆነች ልጃችሁ ከወለደች ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ፀጉሯ በእፍኝ ሲረግፍ አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ በዓመቱ ይመለሳል። መርገፉ ከድካም፣ ከማዞርና ከመገርጣት ጋር ከሆነ ግን ደም ማነሷ ይመርመርላት። ሹሩባም ሲሠራ ግንባር ላይ ቆዳው እስኪወጠር፣ ልጅቷ ሌሊት መተኛት እስኪያቅታት አይጠበቅ። በጆሮና በግንባር ዙሪያ ትናንሽ ሽፍታ ካያችሁ ያኔውኑ ፍቱት፤ እየተጎተተ ዓመታት የቆየ ፀጉር ከዚያ ቦታ ሸሽቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሠሪዋን ድካምና የከፈላችሁትን ገንዘብ አትቁጠሩ።

ቅቤውስ? ቀቡት። ለጋ ይሁን፣ ከጆሮ ግንድ በላይ ይቅር፣ ልጅቷም ቅቤው እስኪታጠብ ድረስ ምድጃ አጠገብ አትቀመጥ። የራስ ቆዳዋ ላይ ቅርፊት ወይም ቁስል ካያችሁ ግን ቅቤው ይቆይ፤ መጀመሪያ ትታይ።