ዕጩው ሲመጣ ምን እንጠይቀው?

ምርጫ ሲቃረብ ፖለቲከኞች ወደ ሕዝቡ መውረዳቸው የተለመደ ነው። በአሜሪካ ለፕሬዚዳንትነት የሚፎካከሩ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ከምርጫው ቀደም ብለው አዮዋ ገብተው ከተማ ለከተማ ይዞሩ ነበር። ግዛቷ ትንሽ ብትሆንም ቀድማ ድምፅ ስለምትሰጥ የነዋሪዎቿ ጥያቄ ይደመጥ ነበር። የሐዋሳው ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ሙስሊምም ዕጩ ደጁ ሲመጣ አጋጣሚውን ሊጠቀምበት ይገባል።

በሀገራችን ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እኛ የምንመርጠው ተወካያችንን ነው። ይህ ምክር ቤት ምን ያህል እንደሚመለከተን ግልጽ ነው፦ ከወለድ ነጻ ባንክ እንዲቋቋም በር የከፈተው አዋጅ ቁጥር 1159/2011 እና ለእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ሕጋዊ ሰውነት የሰጠው አዋጅ ቁጥር 1207/2012 የጸደቁት እዚያ ነው።

የመስጂድና የመቃብር ቦታ ጥያቄ ግን በዋናነት የክልልና የከተማ አስተዳደር ጉዳይ ነው። ያለቦታው የቀረበ ጥያቄ ዕጩው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ እንዲያመልጥ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ የፓርላማ ዕጩውን ስለ ሕግ፣ የክልል ምክር ቤት ዕጩውን ስለ መሬት እንጠይቅ፤ መልሳቸውንም መዝግበን እንያዝ። ጀመዓው የተለያየ የፖለቲካ አቋም ያለው በመሆኑ ግን መስጂዱ የማንም ፓርቲ የቅስቀሳ መድረክ ሊሆን አይገባም።

ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ የሲዳማን ክልልነት የወሰነው ድምፅ ነው። የሐዋሳ ሰው የካርድን ዋጋ ያውቃል። ያልተመዘገበ ሰው ጥያቄ ግን ለዕጩው ክብደት የለውም፤ ምዝገባው ሲከፈት ቀድመን እንገኝ።