ሥራ ባቆመ ሰው ወንበር ላይ ስለ መቀመጥ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ትምህርትህን ጨርሰህ ሥራ በምትፈልግበት ጊዜ አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጥሪ ይደርስህ ይሆናል፤ «ሠራተኞቻችን አድመው ሥራ ስላቆሙ በነሱ ቦታ ሰው እንፈልጋለን፤ ደመወዙ መልካም ነው፤ ነገ ጧት ግባ።» የዚያን ጊዜ ምን ትመልሳለህ? ብዙ ሰው «ሥራ ሥራ ነው፤ እኔ ባልገባ ሌላው ይገባል» ብሎ ይገባል። እኔ ግን ይህ የሰነፍ ኅሊና መልስ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱንም በዚሁ በከተማችን ከደረሰ ነገር ተነሥቼ አስረዳለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ 21 ቀን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች «የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄያችን አልተመለሰልንም» ብለው ሥራ አቆሙ። የነዚህ ሰዎች ሥራ ከማማው ላይና ከራዳሩ ፊት ተቀምጦ፥ የትኛው አውሮፕላን አስቀድሞ እንዲያርፍ፥ የትኛውስ በምን ከፍታ እንዲቈይ በሬድዮ ማዘዝ ነው። አብራሪው ደመናውን ያያል እንጂ ከደመናው ወዲያ የሚመጣውን አያይም፤ ስለዚህ የኳስ ዳኛ በሁለት ቡድኖች መካከል እንደሚቆም፥ ተቆጣጣሪው በሁለት አውሮፕላኖች መካከል የቆመ ዳኛ ነው። በረራው እንዳይቋረጥ ሲባል ጡረታ የወጡ ተቆጣጣሪዎችና ሌሎች ባለሞያዎች ተጠርተው ባዶውን ወንበር ያዙ። የኬንያ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር «የአዲስ አበባ ሰማይ ለበረራ የሚያሰጋ ሆኗል» ብሎ አስጠነቀቀ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በበኩሉ «የሚሠሩት ፈቃድና ልምድ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው» ሲል አስተባበለ። ነሐሴ 28 ቀንም ከአድመኞቹ ዘጠኙ ታሰሩ።

እኔ በዚህ ጽሑፍ በባለሥልጣኑና በአድመኞቹ መካከል ለመፍረድ አልተነሣሁም። የምጠይቀው ስለ ሦስተኛው ሰው፥ ይኸውም ተጠርቶ በወንበሩ ላይ ስለ ተቀመጠው ሰው ነው።

«ሥራ ሥራ ነው» የሚለው ሰው ሁለት ዐይነት ባዶ ወንበር እንዳለ አልተገነዘበም። ባለቤቱ የሞተበት ወይም ትቶት የሄደ ወንበር አለ፤ በዚያ ላይ የሚቀመጥ ማንንም አይበድልም። ሥራ ያቆመ ሰው ወንበር ግን ባለቤት አለው። ያ ሰው ሥራውን አልጣለም፤ በባዶ ወንበሩ እየተናገረ ነው። አቤቱታ ጽፎ ሳይሰማ፥ ደጅ ጠንቶ ሳይሰማ ሲቀር፥ የቀረው ቋንቋ ይኸው ብቻ ነው። በወንበሩ የሚቀመጥ እንግዲህ አፉን የሚዘጋበት ነው። በ1966 ዓ.ም. የካቲት 28 ቀን የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ባደረገ ጊዜ፥ መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለመስማማት የተገደደው ወንበሮቹ በእውነት ባዶ ስለ ነበሩ ነው። ሁሉም ወንበር በማግሥቱ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ማን ይሰማቸው ነበር?

እኛ በጉለሌ የምንኖር ሰዎች ይህን ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ልንማረው እንችላለን። ነጋዴ መጥቶ የማያዋጣ ዋጋ ቢሰጥና ሸማኔዎቹ ሁሉ «በዚህ አንሸጥም» ብለው ቢስማሙ፥ አንዱ ግን ሌሊት ሄዶ ነጠላውን በዚያው ዋጋ ቢሸጥ፥ የሸጠው የራሱን ነጠላ ብቻ ነውን? አይደለም። የጎረቤቱንም ዋጋ አብሮ ሸጦታል። ተተኪውም እንደዚሁ ነው፤ ጉልበቴን ሸጥሁ ይላል እንጂ የሸጠው የሌላውን አቤቱታ ነው።

«ነገር ግን በሰማይ ላይ የሰው ነፍስ አለ፤ ወንበሩ ባዶ ከሆነ ሰው ያልቃል» የሚል ተከራካሪ ይነሣብኛል። እውነት ተናግሯል፤ እኔም አልክደውም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 42 ሥራ የማቆምን መብት ሲያውቅ፥ ከመንግሥት ሠራተኞች ይህ መብት የሚገባቸው እነማን እንደ ሆኑ በሕግ ይወሰናል ብሏል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም የአየር ማመላለሻን፥ ሆስፒታልን፥ የውሃና የመብራት አገልግሎትን፥ የእሳት አደጋ መከላከያን ለሕዝብ እጅግ አስፈላጊ ከሆኑት ሥራዎች ጋር ቈጥሮ፥ በነዚህ ላይ የሥራ ማቆም አድማን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ሕግ የሠራተኛውን መሣሪያ ከእጁ የወሰደ እንደ ሆነ፥ በፈንታው ፈጥኖ የሚሰማ ዳኛ ሊሰጠው ይገባል። መሣሪያውን ነሥቶ ዳኛውንም መንፈግ የሰውን እግር አስሮ «ለምን አልሄድህም?» ብሎ እንደ መውቀስ ያለ ነው።

ስለዚህ የሰው ነፍስ በሚጠበቅበት ቦታ ተተኪ ሊገባ ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮችን ይዞ ይግባ። አንደኛ፥ ሥራውን በእውነት የሚያውቅ ይሁን፤ ሳያውቅ የሚገባ ነፍስ አዳኝ ሳይሆን ነፍስ አጥፊ ነው። ሁለተኛ፥ ነፍስ ለማዳን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይሥራ እንጂ፥ የአሠሪው ገቢ እንዳይጎድል ብሎ የሁሉን ሥራ አይሸፍን። በአየር ላይ ያለውን አውሮፕላን በደኅና ማሳረፍ አንድ ነገር ነው፤ ምንም እንዳልሆነ አስመስሎ የቀኑን በረራ ሁሉ ማስኬድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሦስተኛ፥ ወንበሩን የተዋሰው መሆኑን አይርሳ፤ እርቅ በወረደ ቀን ለባለቤቱ ይመልስ።

እኔም ጡረተኛ ነኝና ለእድሜ እኩዮቼ አንድ ቃል አለኝ። የኛ አበል በየወሩ ይመጣል፤ ልጆቻችን የሚከራከሩት ግን ገና ስለሚያሳድጓቸው ሕፃናት እንጀራ ነው። አሠሪ ሲጠራን «አቤት» ከማለታችን በፊት «የልጆቹን አቤቱታ ሰምታችኋልን?» ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። ሽበት ክብር የሚሆነው ለማስታረቅ ሲያገለግል ነው፤ የወጣቶችን ቃል ለማፈን ሲያገለግል ግን ያሳፍራል። ጠሪውም ከተጠሪው ይልቅ ይጠየቃል፤ ለተተኪ የተገኘው ገንዘብ ለአቤቱታው ስለ ምን ጠፋ?

የነፍስ ምክንያት በሌለበት ቦታ ደግሞ ተተኪው ምንም የሚሸሸግበት ጥላ የለውም። ቤዝቦል በሚባለው በአሜሪካኖች ጨዋታ ዳኞቹ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1979 ዓ.ም. ሥራ ባቆሙ ጊዜ፥ ከታች ካሉ ማኅበሮች የመጡ ሰዎች በነሱ ፈንታ ፈረዱ። ጨዋታው ለጥቂት ሳምንታት ቢቀር የሚሞት ሰው አልነበረም። ዳኞቹ በግንቦት ሲመለሱ ከተተኪዎቹ ስምንቱ በሥራው ቀሩ፤ ነባሮቹም ለብዙ ዓመት አገለሏቸው፤ አብረው እየፈረዱ አብረው አይበሉም ነበር። ማግለሉን አላመሰግንም፤ ቂም ለማንም አይበጅም። ነገር ግን አብሮ የሚቆም ባልንጀራ የሌለው ዳኛ ምን ዐይነት ዳኛ ነው?

በ1981 የሆነው ከዚህ ይከፋል። በዚያው አገር 13,000 ያህል የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ሲያቆሙ፥ ፕሬዚዳንት ሬገን የ48 ሰዓት ጊዜ ሰጥተው ያልተመለሱትን 11,345 ሰዎች አሰናበቱ። ተቆጣጣሪዎቹ በሕግ ከተከለከለ አድማ ገብተው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አለቆቻቸው፥ ያላደሙት ባልደረቦቻቸውና ወታደሮች ወንበሩን ስለ ያዙላቸው መንግሥት መደራደር አላስፈለገውም፤ የተባረሩትም እስከ 1993 ድረስ ወደዚያ ሥራ እንዳይመለሱ ታገዱ። ለአንድ ሳምንት የተዋሱት ወንበር እንዲህ ሆኖ የዕድሜ ልክ በር መዝጊያ ይሆናል።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፤ ጥሪው ሲመጣብህ ተርበህ ይሆናል፤ ረኀብህን አልንቅም። ነገር ግን ከመግባትህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፤ እኔ ባልገባ የሚሞት ሰው አለን? ሥራውን አውቀዋለሁን? ባለቤቱ ሲመለስ ተነሥቼ እለቅለታለሁን? ለሦስቱም «አዎን» ማለት ካልቻልህ አትግባ። ዛሬ በሰው ወንበር ላይ ያስቀመጠህ እጅ፥ ነገ አንተ አቤት ባልህ ጊዜ በአንተ ወንበር ላይ ሌላውን ለማስቀመጥ አይሰንፍም። አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉትን አስብ፤ የሰው ወንበርም አያሳርፍም።