የገመድ ዕድሜ

በአገራችን ገመድ ዝላይ የዕድሜ ገደብ ተበጅቶለታል። ልጃገረዷ ከጓደኞቿ ጋር ሰኞ ማክሰኞ እየተጫወተች፣ ገመድ እየዘለለች ታድግና አንድ ቀን «አሁንስ ትልቅ ሰው ሆነሻል» ትባላለች። ከዚያን ዕለት ወዲያ ገመዱ የልብስ ማስጫ ይሆናል። ወንዱም ቢሆን ቦክሰኛ ካልሆነ በቀር ጢም አብቅሎ ገመድ ሲዘል ቢታይ መሳቂያ ነው። እኔ ግን ይህ ፍርድ ሊሻር ይገባል እላለሁ።

ዝላይ በራሱ በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። በጥምቀት ጎረምሳው ዱላውን ወደ ላይ ሰብቆ «ሆ!» እያለ ሲዘል የሚያፍርበት የለም። የጉራጌ ጭፈራ እግርን ከመሬት ሳያነሡ አይደምቅም። እንግዲያው የምናፍረው በዝላዩ ሳይሆን ያለ በዓልና ያለ ሠርግ በመዝለሉ ነው። የገዛ ጤናችንን እንደ በቂ ምክንያት አልቆጠርነውም ማለት ነው።

የሯጮች አገር ነን እያልን እንኮራለን፤ ኩራታችንም እውነት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል። ታላቁ ሩጫ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባን ጎዳና በሕዝብ ያጥለቀልቃል። ይሁን እንጂ የጥቂቶች እግር የብዙዎችን ልብ አያድንም። ሩጫ ሜዳ ይሻል፤ ሴት ልጅ ገና ሳይነጋ ብቻዋን እንድትሮጥ ደግሞ የመንገዱን ደኅንነት ይሻል። ጂም ገንዘብ ይጠይቃል። ገመድ ግን እጅን ዘርግቶ የሚያዞር ቦታና ከፍ ያለ ጣሪያ ካገኘ ይበቃዋል፤ የግቢ ጥግም ይሆነዋል።

ጥቅሙ የልጅ ጨዋታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ገመድ ዝላይ ከብርቱው ወገን ነው። በሳምንት ለአምስት ቀን 15 ደቂቃ የዘለለ ሰው 75ቱን ሞላ ማለት ነው። ልብና ሳንባ ይሠራሉ፤ ባት ይጠነክራል፤ አጥንትም ጫና ሲያርፍበት ይጠብቃል።

በአንድ ጊዜ ግን 15 ደቂቃ ልዝለል የሚል ይደክመዋል፣ ይተወዋልም። ለጀማሪ 30 ሰከንድ ዘሎ ያንኑ ያህል ማረፍ ይበጃል። የገመዱ መሐል ሲረገጥ ጫፎቹ ብብት አካባቢ ይድረሱ። ክርን ከጎን ይጠጋ፤ ገመዱን የሚያዞረው አንጓ እንጂ ትከሻ አይደለም። ከመሬት ከፍ የሚባለው ገመዱ እንዲያልፍ ያህል ብቻ ነው፤ አረፋፉም በፊተኛው የእግር መዳፍ፣ ጉልበትን ለዘብ አድርጎ። ከሲሚንቶ ይልቅ አፈር ወይም የእንጨት ወለል ይመረጣል። የልብ ወይም የጉልበት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ሌላው ዓለም ይህን ጨዋታ ሲያከብረው አይተናል። በኒው ዮርክ የጥቁር ልጃገረዶች በሁለት ገመድ መካከል በየመንገዱ ይዘልሉት የነበረው ጨዋታ በ1974 እ.ኤ.አ. የውድድር ስፖርት ሆነ። ከልጆቹ ገመዱን የነጠቀ የለም፤ ደንብና ሽልማት ተጨመረለት እንጂ።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ደግሞ ገመድ ባዕድ አይደለም። በቋንቋችን ሐረግ የሚባለው በዛፍ ላይ የሚጠመጠመው ተክል ነው፤ ሐረግ የሚባለው ከቃል ቃል የሚያያይዘውም ነው። ስንኝ ቤት ሲመታ ጆሮ እንደሚያርፍ፣ ገመድም መሬት ሲመታ እግር ተራውን ያውቃል። ምት የሳተ ግጥም እንደሚያነክስ ምት የሳተ ዘላይም ይጠለፋል፤ ሁለቱም እንደገና ይጀምራሉ።

ዛሬ ሐኪም ፊት ተቀምጣ፣ ደም ግፊትሽ ከፍ ብሏልና ተንቀሳቀሺ የምትባለዋ እናት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት መዝለል ይብቃሽ የተባለችው ያችው ልጅ ናት። አሳምራ የምታውቀውን እንቅስቃሴ ነጥቀን፣ አሁን የማታውቀውን እናዝዝላታለን። ልጇ ገመድ ስትዘልል ካየች አትከልክላት፤ ይልቅ ተራ ትጠይቃት።