ዶላር ያከማቸ የከሰረባት ደሴት

በእኛ ገበያ ዶላር ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይታይም የሚል እምነት አለ። ዕቃ አስመጪውም፣ ደላላውም፣ ቤት ሠርቶ የሚሸጠውም ሂሳቡን የሚያሰላው በዚሁ ነው። እስካሁን የኖርንበትም ታሪክ እምነቱን ሲያጠናክረው እንጂ ሲያፈርሰው አላየንም። ይሁን እንጂ ከቦሌ ተነስቶ አራት ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስባት፣ በሕንድ ውቅያኖስ የተበተኑ 115 ደሴቶችን ያቀፈች ሲሸልስ የምትባል አገር አለች። በዚህች አገር እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በዚሁ እምነት ተማምኖ ዶላር የሰበሰበ ሰው፣ ዓመት ሳይሞላው ከእያንዳንዱ ዶላር ላይ የዋጋውን ሲሶ ያህል አጥቷል። ነገሩ እንዴት እንደሆነ መመርመር ለእኛ ነጋዴ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከቀውሱ በፊት የነበረው ሁኔታ ለአዲስ አበባ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ባንኩ አንዱን ዶላር በ8 ሩፒ ያህል ይተምናል፤ በዚያ ዋጋ ግን ዶላር አይገኝም። ከባንኩ በር ውጭ ሌላ ዋጋ አለ። አስመጪው ወረፋ ይጠብቃል። መሠረታዊ ሸቀጦችን የማስመጣቱ ሥራ ለረጅም ዘመን በመንግሥት የገበያ ድርጅት እጅ ቆይቷል። ቱሪስት ሆቴሉን በውጭ ምንዛሪ ብቻ እንዲከፍል በደንብ ታዟል፤ ዶላሩ ወደ ባንክ እንዲገባ ታስቦ ነው። ዶላር ግን የሚሄደው ወደ ታዘዘበት ሳይሆን ወደ ተወደደበት ነው።

በዚህ ላይ መንግሥት ተበድሮ ይኖር ነበር። በ2006 ለውጭ ባለሀብቶች የ200 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጠ፤ ጥቂት ቆይቶ 30 ሚሊዮን ጨመረበት። ወለዱ ከመቶ 9.125 ነበር። የሕዝቧ ቁጥር 90 ሺህ እንኳ ለማይሞላ፣ ከቱናና ከቱሪስት በቀር ይህ ነው የሚባል ገቢ ለሌላት አገር ይህ ከባድ ሸክም ነው። በ2008 የነዳጅና የእህል ዋጋ በዓለም ሲንር፣ የምትበላውን ሁሉ ከውጭ የምታመጣው ደሴት ካዝናዋ ተራቆተ። በሐምሌ በአንድ ሌላ የብድር ሰነድ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ ቀረ። በጥቅምት መጀመሪያ ደግሞ የ230 ሚሊዮኑ ቦንድ ወለድ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል፣ ሳይከፈል ቀኑ አለፈ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለሲሸልስ የሚያበድር አልተገኘም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። እንዲህ የተያዘ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ምን ያስቀድም? የተለመደው መንገድ ኮሚቴ ማቋቋም፣ ለአምስት ዓመት የሚሆን ስትራቴጂ መጻፍ፣ ጥቁር ገበያውን በፖሊስ ማሳደድ ነው። የፕሬዚዳንት ጄምስ ሚሼል መንግሥት ሌላ መንገድ መረጠ። በጥቅምት መጨረሻ 2008 የማሻሻያ ፕሮግራሙን ለሕዝብ አስታወቀ፤ ኅዳር 1 ቀን (በፈረንጆቹ) ሩፒው ለገበያ ተለቀቀ፤ የምንዛሪ ቁጥጥሩም በአንድ ላይ ተነሳ። ለማዕከላዊ ባንኩ ፒየር ላፖርት የተባሉ ባለሙያ በገዥነት ተሾሙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኅዳር 14፣ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሁለት ዓመት ብድር ፈቀደ።

የብድሩን መጠን ልብ ይሏል፤ 26 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከእኛ አገር ትልልቅ አስመጪዎች አንዳንዶቹ በዓመት ከዚህ የሚበልጥ ያንቀሳቅሳሉ። ሲሸልስን ያዳናት ስለዚህ የአይ ኤም ኤፍ ገንዘብ ነው ማለት ያስቸግራል። ማኅተሙ ግን ጠቅሟል፤ ያለ እሱ አበዳሪዎች ለድርድር ባልተቀመጡ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መራራ ነበሩ። ሩፒው በገበያ ሲመዘን ከ8 ተነስቶ 16ን አለፈ፤ ዋጋው በግማሽ ረከሰ ማለት ነው። በታኅሣሥ 2008 የሸቀጥ ዋጋ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 63 ያህል ጨምሮ ነበር። እንግዲህ ያን ጊዜ በቪክቶሪያ ከተማ የነበረ አንድ ሱቅ ያለው ሰው ምን ያስባል? እኛ እንደምናስበው፦ «ዛሬ 16 ከሆነ ነገ 20 ነው፤ ዕቃውን አልሸጥም፤ ያለኝን ሩፒ ወደ ዶላር እለውጣለሁ።»

የዚህ ሰው ስህተት አንድ ነበር። የምንዛሪውን ሰሌዳ አየ፤ የመንግሥትን ካዝና አላየም።

በዚያው ሰሞን ካዝናው ውስጥ የተደረገው ግን ከሩፒው መለቀቅ የበለጠ ነበር። መንግሥት ወጪውን ቆረጠ። ደመወዝ የሚከፍላቸውን ሠራተኞች ቁጥር ቀነሰ፤ ወደው ለሚለቁ የመሰናበቻ ገንዘብ ሰጠ። ለሁሉም በጅምላ ይሰጥ የነበረውን የዋጋ ድጎማ አንስቶ፣ ለችግረኛው ብቻ የሚደርስ የድጋፍ ሥርዓት ተካበት። በዚህ ላይ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በጅምላ የተደጎመ ዳቦና መብራት ከድሃው ይልቅ ማቀዝቀዣውን ሌት ተቀን ለሚያስነሳው ሆቴል ይጠቅማል። ድጎማው ከመነሳቱ በፊት ግን ምትኩ ዝግጁ መሆን አለበት፤ በኋላ ይደርሳል ተብሎ የተነሳ ድጎማ ድሃውን ሜዳ ላይ ይጥለዋል።

ውጤቱም ታየ። ከወለድ ክፍያ በፊት ያለው የመንግሥት ሂሳብ በ2009 ትርፍ አሳየ። አዲስ ሩፒ እየታተመ ዶላር የሚያሳድድበት ምክንያት ቀነሰ። ዶላር የደበቀው ሰው በባንክ ሲሸጠው እንደማይቀጣ፣ ሲፈልግም መልሶ እንደሚገዛው ሲያውቅ ማውጣት ጀመረ። በ2009 መጨረሻ ዶላሩ ወደ 11 ሩፒ ወረደ፤ ዓመታዊው የዋጋ ንረትም ከዜሮ በታች ሆነ። በ16 ሩፒ ዶላር ገዝቶ ያስቀመጠ፣ በ16 ሂሳብ ዕቃ አስመጥቶ መጋዘን የሞላ፣ ጎረቤቱ በ11 ያመጣውን ሲሸጥ ቆሞ ለማየት ተገደደ። ይህ ሁሉ የሆነው የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች የደሴቷን የዓሣና የመርከብ ሥራ በሚያውኩበት፣ የአውሮፓ ቱሪስትም በራሱ አገር ቀውስ ኪሱን በጨበጠበት ዓመት ነው።

ከአበዳሪ ጋር የነበረው ጉዳይም አልተንዛዛም። የፓሪስ ክለብ አገሮች በሚያዝያ 2009 ከሚፈልጉት ዕዳ ከመቶ 45ቱን በሁለት ዙር ለመሰረዝ ተስማሙ። የቦንድ ባለቤቶች በ2010 መጀመሪያ የዋናውን ገንዘብ ግማሽ ትተው እስከ 2026 የሚዘልቅ አዲስ ቦንድ ተቀበሉ። ወለዱ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ የሚል ነው። ለማግባቢያ የአፍሪካ ልማት ባንክ የ10 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና አኖረ። ክፍያው ከቆመ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ ማለት ነው።

«ሲሸልስ ቁራጭ አገር ናት፤ የእኛን ያህል ሕዝብ ይዘው ይሞክሩት» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እውነት አለው። ዘጠና ሺህ ሰው ማዘጋጀትና ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ማዘጋጀት አንድ አይደለም። የሲሸልስ ሆቴል ዋጋ ሲረክስ እንግዳ ቶሎ ይመጣል፤ የእኛ የቡና ዛፍ ብር ስለረከሰ በዓመቱ እጥፍ አያፈራም። ሆኖም መንገዱ ተመሳሳይ መሆኑን መካድ አይቻልም። እኛም በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳንከፍል ቀረን፤ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ተለቀቀ፤ ከ57 ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100ን አለፈ። በእኛ ከወለዱ መቆም እስከ ምንዛሪው መለቀቅ ሰባት ወር ተቆጠረ። በሲሸልስ አንድ ወር ነበር። በዚያ ሰባት ወር ውስጥ ማን ምን እንዳከማቸ ገበያው ያውቃል።

ሲሸልስ ከዚያ በኋላም አልተፈተነችም ማለት አይደለም። በ2020 ኮሮና አውሮፕላኖቿን ባዶ ሲያስቀር ሩፒው ከ14 አካባቢ ወደ 21 ወረደ። በ2021 እንግዶች ሲመለሱ ወደ ነበረበት ተጠጋ። ለሁለተኛ ጊዜ ዶላር የሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜም የዘገየው ከሰረ።

ስለዚህ ከዛሬው ተመን በፊት እኔ የማያቸው ሦስት ነገሮች አሉ። መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ የሚወስደው ብድር ቀጥሏል ወይስ ቆሟል? የግምጃ ቤት ሰነድ ጨረታው ላይ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በላይ ነው ወይስ በታች? በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ነው ወይስ እየሰፋ? ሦስቱም የከፉ እንደሆነ ዶላር የያዘ ሰው አልተሳሳተም። ሦስቱም በአንድ ላይ መሻሻል ከጀመሩ ግን መጋዘኑን የቆለፈ ነጋዴ ቁልፉን ፈልጎ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል፤ በቪክቶሪያ ዋጋው ከ16 ወደ 11 ሲወርድ ማንም አስቀድሞ አላስጠነቀቀም።