ልጄን ለውሻ?

ባለፈው ዓመት የልጄ አስተማሪ እኔንና ባለቤቴን ትምህርት ቤት አስጠራችን። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፤ ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነው። «ንባቡ ከክፍል ጓደኞቹ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለችን። ይህን እናውቅ ነበር። ያልጠበቅነው ቀጥላ የሰጠችንን ወረቀት ነው። ሰፈራችን ባለው ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ጠዋት ልጆች ለውሻ የሚያነቡበት ፕሮግራም አለ፣ ብታስመዘግቡት ይጠቅመዋል ይላል።

ባለቤቴ መኪና ውስጥ እስክንገባ ዝም አለች። በሩን ከዘጋች በኋላ «ልጄን ለውሻ?» አለች። እኔ ሳቅሁ፤ የንዴት ሳቅ ነበር። ሁለታችንም ሌሊትና ቀን የምንሠራው ልጃችን መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ለውሻ እንዲያነብ ነው? አገር ቤት ቢሰሙ ምን ይላሉ?

እስቲ ከዚያ በፊት ቤታችን ውስጥ ምን ይደረግ እንደነበር ልንገራችሁ። ማታ ማታ ከእራት በኋላ እኔና ልጄ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጣለን። እሱ ያነባል፣ እኔ አርማለሁ። «አይደለም። እንደገና። አሁን ነገርኩህ እኮ!» በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ እንጨርስ ነበር። በሁለተኛው ወር የእራት ሰሃን ሲነሳ ልጁ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ምንም አልተገኘበትም። ሆዱን ያመመው እኔ እንደሆንኩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያውም በእኔ እንግሊዝኛ ነው የማርመው፤ አንዳንዴ ትክክሉ እሱ ሆኖ ስህተቱ የኔ ነበር።

ለማንኛውም ሄድን። ጡረታ የወጡ አንዲት ሴትዮ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ትልቅ ቡናማ ውሻ ተጋድሟል። ልጄ መጽሐፉን ይዞ ቁጭ አለ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላነበበም። ሴትዮዋም ምንም አላሉም። ከዚያ ጀመረ። አንድ ቃል ላይ ተንተባተበና እንደ ልማዱ ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ውሻውን እያሻሹ «ይህን ቃል እሱ ሰምቶት አያውቅም፤ ምን ማለት እንደሆነ ልትነግረው ትችላለህ?» አሉት። ልጄ ሥዕሉን አየ፣ ቃሉን ቆራርጦ አነበበው፣ ከዚያ ለውሻው አስረዳው። አስረዳው እኮ ነው የምላችሁ! ቤት ውስጥ በነዚያ ሁሉ ምሽቶች አንድም ጊዜ ለኔ ምንም አስረድቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። ሥራው በፕሮግራም መልክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩታ ውስጥ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ኢንተርማውንቴን ቴራፒ አኒማልስ የተባለ ድርጅት በከተማው ቤተ መጻሕፍት ጀመረው፤ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ውሾቹ ከመንገድ የተለቀሙ አይደሉም። ጠባያቸውና ጤናቸው ተፈትኖ ነው የሚገቡት፣ ባለቤታቸውም ከጎናቸው አይለይም። ሴትዮዋ ያደረጉት ነገርም ድንገት የመጣላቸው አልነበረም። ጥያቄውን በውሻው ስም መጠየቅ የሥልጠናው አካል ነው። እንዲህ ሲሆን ልጁ ፈተና ላይ ያለ ተማሪ መሆኑ ይቀርና ከውሻው የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይሆናል።

ሚዙሪ ውስጥ ደግሞ ነገሩን ገልብጠው የሚሠሩ አሉ። በእንስሳት መጠለያ ውስጥ ፈርተው ጥግ የያዙ ውሾች አሉ፤ ልጆች ከጎጆአቸው ፊት ቁጭ ብለው ያነቡላቸዋል። ውሻው ቀስ እያለ ወደ ድምፁ ይጠጋል። ማን ማንን እየረዳ እንደሆነ እናንተ ፍረዱ።

ውሻ ማንበብ ያስተምራል እያልኩ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት በዚህ ጉዳይ ላይ እስከዚያ የተሠሩ 48 ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ውጤቱ በአብዛኛው መልካም ቢመስልም የማስረጃው ጥራት ደካማ ነው ብለው በግልጽ ጽፈዋል። ፊደልን ከድምፅ ጋር ማገናኘት ያልቻለ ልጅ፣ ወይም ዲስሌክሲያ ያለበት ልጅ፣ የሠለጠነ አስተማሪ ያስፈልገዋል። ውሻ የሚያነሳለት ሌላ ነገር ነው፤ ፍርሃቱን። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ አንድ ጥናት ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ የደም ግፊታቸውን ለካ፤ ክፍሉ ውስጥ ውሻ ሲኖር ግፊቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የኔን ልጅ ሆድ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

«ታዲያ ያለ እርማት ልጅ እንዴት ይማራል?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ስጠይቅ ነበር። እርማት አለ፣ ቦታው ክፍል ውስጥ ነው፣ ጊዜም አለው። ነገር ግን ንባብ እንደ ብስክሌት ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። በየሦስት ቃሉ የሚያስቆመው ሰው አጠገቡ ካለ ልጁ ልምምዱን አያገኝም፤ የሚያገኘው ማቆምን ብቻ ነው።

የኔታ ዘንድ የተማራችሁ ታስታውሱ ይሆናል። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ትምህርት በአንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል፤ አንዱ ፊደል ላይ ነው፣ አንዱ ዳዊት ላይ። ያንን ጫጫታ ሁሌ እንደ ጉድለት ነበር የማየው። አሁን ሳስበው ግን ለልጁ መደበቂያ ነበር። ተራው ደርሶ የኔታ ፊት እስኪቀርብ ድረስ መቶ ጊዜ ቢሳሳት ማንም አይሰማውም። (አርጩሜውን አልረሳሁም፤ ናፍቆኝም አይደለም።) በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን አንድ ልጅ ይነሳል፣ ስድሳ ልጅ ዝም ብሎ ያዳምጠዋል፣ ሲሳሳት ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ ይቀመጥ የነበረ ልጅ እንዲህ ከተሳቀበት በኋላ ዓመቱን ሙሉ አማርኛ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ይጠፋ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጭራሽ አልመጣም።

የዓለም ባንክ እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ ዕድሜያቸው 10 ዓመት ከሆነ ልጆች 90 በመቶ ያህሉ አጭርና ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት አይችሉም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ጦርነት አለ፣ የአስተማሪ ደመወዝ አለ። ይህን ሁሉ አንድ ጥሩ አዳማጭ ይፈታዋል የሚል ቂል አይደለሁም። ግን አዳማጭ ገንዘብ አይጠይቅም።

ውሻውን ወደ አገር ቤት እንውሰድ እያልኩም አይደለም፤ ማንም ይህን ጽሑፍ አንብቦ ልጁን ከግቢ ውሻ ጋር እንዳያስቀምጥ። ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ እንደሚመጣ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል፤ በአገራችን በሽታው ዛሬም ሰው ይገድላል። ያልተከተበ ውሻና ልጅ አይቀራረቡም። እምነታቸው ወይም ልማዳቸው ውሻን የማያስጠጋ ቤተሰቦችም አሉ፤ ያንንም አከብራለሁ።

እኛ ቤት መፍትሔው የመጣው ከባለቤቴ ነው። አንድ ቅዳሜ ልጁ አመመውና ቤተ መጻሕፍት ሳንሄድ ቀረን። ስልኩን አነሳችና ደብረ ብርሃን ላሉት እናቷ በቪዲዮ ደወለች። «እማዬ፣ ልጁ ሊያነብልሽ ነው» አለቻቸው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ እንግሊዝኛማ ጭራሽ አይሰሙም። (ከውሻው ጋር አወዳደርከኝ እንዳይሉኝ ይህን ጽሑፍ ማንም እንዳያነብላቸው አደራ።) ልጁ ስለ ዓሣ ነባሪ ያነባል፤ እሳቸው አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዳምጣሉ፣ ትንፋሽ ሲወስድ «እሰይ የኔ ጌታ፣ ከዚያስ?» ይላሉ። ከዚያ እሱ ያነበበውን በተሰባበረ አማርኛው ይተረጉምላቸዋል። ሳናስበው ሁለት ቋንቋ ሆነ።

አሁን ቅዳሜ አንዱን ሳምንት ከውሻው፣ አንዱን ከእማማ ጋር ነው። ንባቡ ገና ከክፍሉ እኩል አልደረሰም፤ አስተማሪዋ ግን እጁን ማውጣት ጀምሯል አለችን። የሆድ ሕመሙ ጠፍቷል።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ማድ ቤት ሆኜ እሰማው ነበር። አንድ ቃል በስህተት አነበበና ትርጉሙ ተበላሸ። አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ከጀበናው ጀርባ ቀና ብላ አየችኝ፣ አፌን ዘጋሁ። ሁለት መስመር አልፎ ቆመ፣ «ቆይ እማማ፣ ተሳሳትኩ» አለና ተመልሶ አነበበው። እማማ ስህተቱንም እርማቱንም አልሰሙም።

«ከዚያስ?» አሉት።