ዝም ያለ ኮምፒውተር ሁሉ የተበላሸ አይደለም

በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ የበረዶው ወራት ሲገባ በመንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨው በረዶውን ያቀልጣል፤ ከመኪናው ሥር የሚገኙትን የሽቦ መጋጠሚያዎች ግን ቀስ በቀስ ያዝጋል። ከዚያም አንድ ማለዳ የፍሬንና የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንድነት ይበራሉ። በመኪናው ሠርቶ ለሚያድር ወገናችን የመኪናው መቆም የገቢው መቆም ነው። ጋራዥ ሲደርስ የመመርመሪያ መሣሪያው «ዩ0121» የሚል ኮድ ያሳያል፤ «የፍሬኑ ኮምፒውተር ተበላሽቷል፣ ይቀየር» የሚል ውሳኔም ይከተላል። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ ከምርመራው የቀደመ ነው።

የዛሬ መኪና ለሞተሩ፣ ለፍሬኑ፣ ለመሪውና ለሌሎችም ክፍሎች የየራሳቸው ኮምፒውተር አለው። እነዚህም የሚነጋገሩት በአብዛኛው «ካን» በተባለ የጋራ መስመር ነው። መስመሩን የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 በዲትሮይት ለሕዝብ አስተዋወቀው። በአሜሪካ ከ2008 ሞዴል ወዲህ የሚሸጡ የቤት መኪኖችም ለምርመራ ይህንኑ እንዲጠቀሙ ተደንግጓል። መስመሩ እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ነው። መልእክት በሌለ ጊዜ ሁለቱም 2.5 ቮልት ገደማ ይይዛሉ፤ መልእክት ሲተላለፍ አንደኛው ወደ 3.5 ከፍ፣ ሌላው ወደ 1.5 ዝቅ ይላል።

ታዲያ «ዩ0121» ምን ማለት ነው? ሌሎቹ ኮምፒውተሮች «ከፍሬኑ ኮምፒውተር መልእክት አልደረሰንም» ሲሉ የሰጡት ምስክርነት ነው። ምስክሮቹ ዝምታውን እንጂ ምክንያቱን አያውቁም። ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ግራውንድ የሚባለው ሽቦ ዝጎ፣ ባትሪው ደክሞ ወይም መስመሩ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ተበላሽቶም ይሆናል፤ ይህ ግን የሚታወቀው ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚባለው ለዚህም ይሠራል።

ማጣራቱ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በመጀመሪያ ዝም ያለው አንድ ኮምፒውተር ነው ወይስ ብዙ? አንድ ብቻ ከሆነ ኃይል የሚያገኝበት ሽቦና ግራውንዱ ይፈተሹ። ሁሉም ከሆኑ ጥርጣሬው በጋራው መስመር ላይ ነው። ባትሪው ተነቅሎ፣ ከመሪው ሥር ባለው የመመርመሪያ ሶኬት 6ኛና 14ኛ ፒኖች መካከል በተራ መልቲሜትር ይለካ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች 120፣ 120 ኦም ስላለ ጤነኛው ንባብ 60 ኦም ገደማ ነው። 120 ከሆነ አንደኛው ጫፍ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሶኬቱን ከዋናው መስመር የሚለይ ኮምፒውተር ባላቸው አዳዲስ መኪኖች ግን አስቀድሞ የሽቦውን ንድፍ ማየት ግድ ይላል።

ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ለዕቃ ብዙ መቶ ዶላር ሳያቅማማ የሚከፍል ባለመኪና ለአንድ ሰዓት ምርመራ ሲጠየቅ «ምን ሠራህና?» ይላል። ምርመራ እንደ ሥራ ካልተከፈለበት ግምት ቦታውን ይወስዳል። አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመኪናው ጋር በፕሮግራም መላመድ ስላለበት ስሕተቱ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ጉዳዩ የኮሎምበስ ብቻም አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏን አስታውቃለች። በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪውም፣ ሞተሩም፣ ኃይል መሙያውም የሚግባቡት በእንዲህ ያለ መስመር ነው። የቴክኒክ ኮሌጆቻችን ዕቃ መቀየርን ብቻ ሳይሆን መስመር መለካትንም ካላስተማሩ፣ አገሪቱ በውጭ ምንዛሪ የምታስገባው ያልተበላሸ ዕቃን የሚተካ ዕቃ ይሆናል።

ስለዚህ «ኮምፒውተሩ ይቀየር» የተባለ ባለመኪና ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ኃይል ይደርሰዋል ወይ? ግራውንዱ ተፈትሿል ወይ? መስመሩ ስንት ኦም አሳየ? መልስ ካላገኘ መኪናው ገና አልተመረመረም።